ጥበቡ እንዳይሰበር

ከቀሚሱ ታች፣ በግራ ጎን፣ ሁለት የሸማ ቁራጮች የሚጋጠሙበት ቦታ አለ። ጥበቡ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ግማሽ መስቀል ላይ ያበቃል፤ የቀረው ግማሽ ከሌላኛው ጠርዝ ይጀምራል። ሲጋጠሙ መስቀሉ ይሞላል፤ ክንዶቹ አይዛነፉም፣ ወርቀ ዘቦው አይቋረጥም። አክስቴ ይህን የሰፋችው በመኪና አይደለም። ጠርዝ ለጠርዝ አስጠግታ፣ ነጭ ባለበት በነጭ፣ ቀይ ባለበት በቀይ ክር እየቀያየረች በእጇ ነው የያዘችው። ጣት ካልዳሰሰው በስተቀር ስፌቱ የት እንዳለ አይታወቅም።

ቀሚሱ የታናሽ እህቴ ነው፤ ለጥር ሰርግ፣ ለመልሱ ቀን፣ ገርጂ አክስቴ ሳሎን ውስጥ የተሰፋ። ለሰርጉ ዕለት እህቴ ከቦሌ ቬሎ ተከራይታለች፤ ያም ያምርባታል። ለመልሱ ከካባው ሥር የሚለበሰው ግን ከአክስቷ እጅ እንዲወጣ ፈለገች፤ አክስቴም ይህንኑ ስትጠብቅ ኖራለች መሰለኝ፣ ገና ሳይጠየቅ ስለ ሸማው ታወራ ነበር።

ሸማው የተሠራው ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ሥር ባለው በዚያ ሰፈር ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ይመዘዛል፤ እዚያ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ሲቀመጥ፣ የጨርቁ ሜዳ ነጭ እስከሆነ ድረስ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይመላለሳል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ሌላ ይሆናል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለቀለሙን ክር ያሾልካል፣ ማጉን ይወረውራል፣ ይመታል፤ እንደገና ይቆጥራል። ፊቱ የተዘረጋ ንድፍ የለም፤ ቁጥሩ ያለው በጭንቅላቱ ነው።

ያም ሆኖ ሰው ጠዋት የሚመታበትና ሲመሽ የሚመታበት ጉልበት አንድ አይደለም። አክስቴ ሁለቱን ቁራጮች ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን አንጥፋ ስትለካ፣ አንዱ ጥበብ ከሌላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ረዝሞ ተገኘ። ረጅሙን አልቆረጠችም፤ አጭሩንም አልሳበችም። ትርፉን ከታች እስከ ላይ ለስፌቶቹ አከፋፈለችው፤ መርፌዋ በተመላለሰ ቁጥር ከረጅሙ በኩል ሽርፍራፊ ያህል አብልጣ ትይዛለች። ልዩነቱ አሁንም እዚያው ጨርቁ ውስጥ አለ፤ ለየስፌቱ የደረሰው ድርሻ ግን ዐይን የሚይዘው አይደለም። እኔ በዚህ ቀሚስ ላይ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

ትልቁ ፈተና ግን መቀሱ ነበር። ከሸማኔ እጅ የወጣ ጨርቅ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ጃፓኖች ኪሞኖን ሲሠሩ ይህን የፈቱት ለጨርቁ አድልተው ነው፤ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ካለው ጥቅል ሁሉንም ክፍል ቀጥ ቀጥ አድርገው ይቆርጡና ልብሱን ገላ ላይ በመቀነት ያስተካክላሉ። የእኛም የድሮ ቀሚስ ሰፊ ነበር፤ ወገቡን የሚያሲዘው መቀነት ነው። የዛሬ ሙሽራ ወገቡ የተጣበቀ፣ ታቹ የተንሰራፋ ትፈልጋለች። «አክስቴ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጠበብ ይበልልኝ» ትላለች እህቴ። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ የኔ እናት፣ ይጠብልሻል» ትላታለች አክስቴ፣ ከንፈሯ ላይ ስፒል እንደያዘች።

አቋራጩ መንገድ ታቹ እንዲሰፋ ጨርቁን በሰያፍ መቁረጥ ነው። ያኔ የቀሚሱ ጫፍ ይጎብጣል፤ ጥበቡ ግን በማጉ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ከጫፉ ጋር መጉበጥ አይችልም። ጎኑ ላይ ተጣሞ ይሰበራል፣ መስቀሎቹም ያዘነብላሉ። እንዲህ የተሰበረ ጥበብ ውድ በሆኑ ቀሚሶች ላይ ጭምር አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ቁጥሩን በጭንቅላቱ ይዞ የዋለው ሰው ነው ትዝ የሚለኝ። አክስቴ ታቹን አልነካችም። የማጥበቡን ሥራ ሁሉ ወደ ላይ ወሰደችው፤ ሽንሽኑ ወገብ ላይ በጥልቀት ታጥፎ እስከ ዳሌ ይሰፋል፣ ከዚያ በታች ይለቀቃል። ሽንሽኖቹን የለካችው በሜትር አይደለም፤ ከእጥፋት እስከ እጥፋት ያለውን የድር ክር ቆጥራ ነው። ሸማኔው የቆጠረውን እሷም ቆጠረችው ማለት ነው። ሸማው ስስ በመሆኑ እጥፋቶቹ ተደራርበውም ወገብ ላይ አይቆለሉም።

ከመቁረጧ በፊት ሸማውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ጥላ ላይ አስጥታው ነበር፤ የሚሰበሰበው ከመሰፋቱ በፊት ይሰብሰብ ብላ። ቀይ ክሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭና ቀለም እንደማይለቅ አየች። መቁረጫውን መስመር በጠመኔ አላሰመረችም። አንዲት የማግ ክር ከጨርቁ ስባ አወጣች፤ ክሯ የወጣችበት ስስ መንገድ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይታያል፣ መቀሱ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጥ ማስመሪያ የለም፤ ጨርቁ ራሱ የተሠራበት መስመር ነውና።

የነጭ ልብስ ሥራ ሌላም ዲሲፕሊን አለው፤ ንጽሕና። በ2011 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ሙሽራ ዳንቴል የሠሩት የለንደን የንጉሣዊው የጥልፍ ትምህርት ቤት ባለሙያዎች በየ30 ደቂቃው እጃቸውን ይታጠቡ፣ በየሦስት ሰዓቱ መርፌ ይቀይሩ ነበር። ገርጂ ደግሞ አቧራ አለ፤ ግንባታው አያልቅም። አክስቴ መስኮቱን ዘግታ፣ ጭኗ ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘርግታ ነው የምትሰፋው፤ ቡና ተፈልቶ ስትጠራ መርፌዋን ሰክታ፣ ሥራውን በአንሶላው ጠቅልላ ነው የምትነሳው። ቡናው ቀሚሱ ወዳለበት ክፍል አይገባም።

ቀሚሱን ገልብጦ ማየትም ደስ ይላል። የተሸመነ ጥበብ ክሩ ወደ ጀርባም ስለሚያልፍ ከውስጥ በኩልም ይታያል፤ በፋብሪካ ታትሞ የሚመጣው አስመሳይ ጨርቅ ጀርባው ደብዛዛ ነው። አክስቴ ገበሩን ደረት ላይ ብቻ አድርጋ ታቹን ክፍት የተወችው ለዚህ ይመስለኛል። በመቀስ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ በእጅ ተዘምዝሟል፤ የሸማኔው ጠርዝ ግን ሳይነካ እንዳለ ቀርቷል።

አንድ ስፌት ብቻ ከሌሎቹ ይለያል። የጎኑን የወገብ ስፌት ረዘም ረዘም አድርጋ በእጇ ሰፍታ፣ ከውስጥ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ትታለታለች። እህቴ ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ «ለልጅሽ ክርስትናም ትለብሺዋለሽ፤ ያኔ ይህንን ተርትረን እናሰፋዋለን» አለቻት። ስፌቱን የሠራችው ያን ቀን አስባ ነው፤ ክሩ ሲሳብ ሸማውን ሳይቀድ እንዲወጣ፣ የሽንሽኑም ቁጥር እንዳይነካ።