የቫልቩ ድምፅና የጠጋኙ ጆሮ

ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጻፉ ሐተታዎች አብዛኛውን ጊዜ የተጫዋቹን ጣት ያወድሳሉ፤ አልፎ አልፎም ጊታሩ የተሠራበትን እንጨት። ከክሩ የተነሣውን ደካማ ንዝረት ለአዳራሽ የሚያበቃው አምፕሊፋየር ግን ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር ይቆጠራል። ሲበላሽ የሚያቃናው ሰውማ ከነጭራሹ አይነሣም። ይህ የአድናቆት ማነስ ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ጉድለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚባለው መሣሪያ ግማሹ ጊታር፣ ግማሹ አምፕሊፋየር ነውና።

ታሪኩም የሚጀምረው ከጠጋኝ ቤት ነው። ሊዮ ፌንደር በ1938 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የከፈተው የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበር። ሰውየው ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ የሚጫወቱትን ግን ያዳምጣል። ድርጅቱ በ1950ዎቹ ለቤዝ ጊታር ብሎ የሠራውን ባለ አራት ስፒከር «ቤዝማን» ሌሎቹ ጊታር ተጫዋቾች ወሰዱት። በ1962 ደግሞ ለንደን ውስጥ የከበሮ መምህርና ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል፣ ከኬን ብራንና ከደድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ያንኑ የቤዝማን ንድፍ በእንግሊዝ አገር በሚገኝ ዕቃ ሠራው። የመጀመሪያው ቫልቭ ይበልጥ በሚያጎላ ዓይነት ተተካ፤ ስፒከሮቹም ጀርባው በተደፈነ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ቅጂ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ከአንድ ንድፍ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ድምፆች ተወለዱ፤ የሮክ ሙዚቃም ታሪክ ያለ ሁለተኛው ሊጻፍ አይችልም።

ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ሞገድ አናት ለስለስ አድርጎ ያጥፈዋል፤ ከዚህም የተነሣ ከዋናው ድምፅ በላይ ኦክታቩና ሌሎች ንዑሳን ድምፆች ይወጣሉ። መሐንዲሶች ይህን ስሕተት ብለው ሊያጠፉት ደክመዋል። በ1951 ሜምፊስ ውስጥ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ ግን በመንገድ ላይ የተጎዳው አምፕሊፋየር ስፒከሩ ወረቀት ተጠቅጥቆበት ሠራ፤ የሻከረውም ድምፅ ተወደደ። በገና ለሚያውቅ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጅማቱና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ፣ ሥራዋ ጅማቱን ማንዘር ነው። በገና ደርዳሪ እንዝራውን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ ንዝረቱን ይፈልጋል እንጂ አይሸሸውም።

እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ሻካራነት ድምፅ ነው፣ የትኛውስ ሕመም የሚል ይሆናል። ብዙ ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም የወፍራሙን ድምፅ ማዞሪያ ይቀንሳል፤ ድምፁ ሲሳሳበት ቀጭኑን ይጨምራል፤ ጆሮ ሲወጋበት ጊታሩን ይለውጣል። በሽታው ግን ከማዞሪያዎቹ ውጭ ነው። ድምፅ መጨመሪያው እስከ ዜሮ ወርዶም ማጉረምረሙ ካልተለወጠ፣ ምንጩ ከማዞሪያው ወዲያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኮረንቲ ማጣሪያው ክፍል ነው። እንደ አገራችን በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ ኮረንቲ፣ የደረቁ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። ከማዞሪያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ወደ ገመዱ፣ ወደ ጊታሩና ወደ መጀመሪያው ቫልቭ መመለስ ይገባል። ቫልቩን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ከጮኸ ታማሚው እርሱ ነው። ማዞሪያ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቆሻሻ ነው፤ ይጠረጋል።

የኃይል ቫልቭ ውስጥ ያለው ክር ደምቆ መታየቱ ጤና ነው። በዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ራሱ መቅላት ከጀመረ ግን መሣሪያው ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። አንድ ትንሽ ካፓሲተር ማለፍ የማይገባውን ኮረንቲ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ከገበታው በታች 400 ቮልት ይገኛል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል። ያልሠለጠነ እጅ ሊገባበት አይገባም።

ጤናው የተመለሰ መሣሪያም ገና መቃኘት ይቀረዋል። በፌንደርና በማርሻል ዓይነቶቹ ላይ ያሉት ሦስቱ የድምፅ መልክ ማዞሪያዎች አንዱ በሌላው ላይ ይሠራሉ፤ ሦስቱም ዜሮ ላይ ቢወርዱ ድምፅ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉን መሐል ላይ አቁሞ «ትክክለኛው ይህ ነው» ማለት አያስኬድም። ድምፁ በጨመረ ቁጥር ወፍራሙ ይድበሰበሳልና እርሱን አስቀድሞ ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ከዚያም ክሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ብቻ ቫልቩ እስኪሻክር መጨመር ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥጥሩ ወደ ተጫዋቹ እጅ ይመለሳል፤ በጊታሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ ሲቀንስ ይጠራል፣ ሲመልሳት ያጓራል። በትንሽ ክፍል የተገኘ ቅኝት ለአዳራሽ አይሆንም፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተገኘውም ሰው ሲገባ ይለወጣል።

ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተቃራኒ አምልኮ ይታያል። «የመጀመሪያው ዕቃ ነው» እየተባለ የደረቀ ካፓሲተር እንዳይነካ ይደረጋል። የሣር ክዳን በየጊዜው ይታደሳል እንጂ የመጀመሪያው ሣር ነው ተብሎ ቤት እንዲያፈስ አይተውም። ደግሞም በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ የነበሩት ታላላቅ የቫልቭ ፋብሪካዎች ከተዘጉ ዘመናት አልፈዋል፤ የዛሬው «ጥንታዊ ድምፅ» የሚወጣው ባመዛኙ በሩሲያ ሳራቶቭ፣ በስሎቫኪያ ቻድጻና በቻይና ከተሠሩ ቫልቮች ነው። ሻጮች በዋጋው ዝርዝር ላይ የተሠራበትን ዓመት በጉልህ ያሰፍራሉ። ማን እንደ ጠገነው፣ መቼና ምን እንደ ለወጠ ግን አይጽፉም።