«ፎርማት አድርግልኝ» ከማለት በፊት

አቦምሳ ላይ ላፕቶፑ አልነሳ ያለው ሰው ገና ከጥገና ቤቴ በር ሲገባ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ሊኑክስ ያለበት ከሆነ ዲስኩን አልነካም። ቀድሜ የማየው የሊኑክሱ እምብርት የሆነው ከርነል ሲነሳ የሚጽፋቸውን የመጀመሪያ መስመሮች ነው፤ የማይክሮኮድ ወሬ ያለው እዚያ ነውና።

ማይክሮኮድ ፕሮሰሰሩ ትእዛዞችን በውስጡ የሚፈጽምበት ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው የፔንቲየም የማካፈል ስህተት በኮድ የሚታረም ስላልነበር ቺፕ መተካቱ ኢንተልን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጥቶታል። ከፔንቲየም ፕሮ ወዲህ ብዙ እንከን በማሻሻያ ይታረማል። ማሻሻያው ግን ቺፑ ላይ አይቀርም፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባዮሱ ወይም ሊኑክስ በተነሳ ቁጥር እንደገና ይጭነዋል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይህ ሥራ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቡት!

ሊኑክስ የሚጭነው ገና ምንም ፕሮግራም ሳይጀምር ነው፤ እንዲያ መሆኑም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢንተል ሀስዌል በተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ላይ ቲኤስኤክስ የተባለውን እንከናም ክፍል በማይክሮኮድ ሲዘጋ፣ ማሻሻያው ዘግይቶ በተጫነባቸው ማሽኖች ክፍሉ አለ ብለው ሥራ የጀመሩ ፕሮግራሞች ወደቁ።

መድኃኒቱ ራሱ የሚያሳምምበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ስፔክተር ለተባለው የፕሮሰሰር የደህንነት ቀዳዳ የወጣው ማይክሮኮድ የሀስዌልና የብሮድዌል ፕሮሰሰር ያላቸውን ማሽኖች በራሳቸው እያጠፋ ሲያስነሳ ኢንተል ራሱ «አትጫኑት» አለ፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱም ወደ ቀድሞው እትም ተመለሰ።

ስለዚህ ከማሻሻያ በኋላ ደርቆ የቀረ ማሽን ሲመጣልኝ፣ ግረብ በተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ላይ የማይክሮኮድ ጫኚውን የሚያግደውን ቃል ጨምሬ አስነሳዋለሁ። ከተነሳ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል፤ ካልተነሳ ወደ ራምና ዲስክ እዞራለሁ። «ተሻሽሏል» የሚል መስመር መጥፋቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ባዮሱ አዲሱን ቀድሞ ጭኖት ሊሆን ይችላል። የማይክሮኮዱን የእትም ቁጥር ሲፒዩኢንፎ በተባለው ፋይል ውስጥ አይቼ አረጋግጣለሁ።

እገዳውን እንዳለ ትቶ ማሽኑን ለባለቤቱ መስጠት ግን አልወድም። እኛ ዘንድ አብዛኛው ላፕቶፕ አገልግሎ የመጣ ነው፤ አምራቹ ለእንዲህ ያለው አዲስ ባዮስ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ የደህንነት ቀዳዳው የሚደፈነው በሊኑክሱ ፓኬጅ በኩል ብቻ ይሆናል። እገዳውን አንስቼ የቀድሞውን ፓኬጅ እመልሳለሁ፣ በራሱ እንዳይታደስም እይዘዋለሁ። ቀጣዩ እትም ሲወጣ ማሽኑን ይዞ እንዲመጣ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።