ቡልጉ ሲያንኳኳ

ነቀምቴ በክረምት ቶሎ ይመሻል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር መብራት ይጠፋል፤ ያኔ አኮ (አያታችንን የምንጠራት እንዲህ ነበር) ኩራዟን ለኩሳ ቡልጉን ታመጣብናለች። ቡልጉ የኦሮሞ ተረት ሰው በላ ነው፤ አማርኛው ጭራቅ የሚለው ዓይነት። የአኮ ቡልጉ ግን ይብስ ነበር፤ በእናት ድምፅ በር ያንኳኳል። «ልጆቼ፣ ክፈቱልኝ» ስትል ድምፅዋን ታቀጥነዋለች። ከዚያ ዝም። በዚያ ዝምታ መሀል ፍሙ ላይ ያለው በቆሎ ጧ! ሲል ሁላችንም ነጠላዋ ውስጥ ነን።

በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተፋፍገን ደም የሚረጭበትን የፈረንጅ ፊልም አየን። እውነቱን ለመናገር ዞምቢው አንድ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አልነሳኝም፤ ደጃችንን የት ያውቀዋል? ቡልጉ ግን ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ነበር የሚኖረው፤ ጅብ በጮኸ ቁጥር ምስክር ያገኛል።

እንዲህ ያለውን የደጃችንን ተረት በጽሑፍ ያኖረችልንን አስቴር ገኖን የማደንቃት ለዚህ ነው። በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ ነፃ የወጣችው አስቴር ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1894 ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ታተመ። በውስጡ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን አለበት። ሁለቱም በፈረንጆቹ 1904 ነቀምቴ ገቡ።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ የአኮን ቡልጉ ለልጄ ሞከርኩት። ድምፄ የአኮን ያህል አልቀጠነልኝም። ቢሆንም ተነሥታ ሄዳ የበሩን መቀርቀሪያ ነካክታ መጣች።