ከእግር በታች ያለ ሥልጣን፦ አባይ በሮማውያን ወለል፣ አውግስጦስ በሜሮዌ ደፍ

የሮማውያን የሞዛይክ ወለል አዘውትሮ የሚጠናው እንደ ቤት ጌጥና እንደ ባለቤቱ ሀብት ማሳያ ነው። የዚህ ዳሰሳ ሙግት ግን ወለል የሥልጣን መናገሪያም ነበር የሚል ነው። ሙግቱን የሚያጸናው ማስረጃ የተገኘው ሮም ውስጥ አይደለም፤ ከካርቱም 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ፣ በአባይ ዳር፣ በጥንታዊው የኩሽ መንግሥት ዋና ከተማ በሜሮዌ ፍርስራሽ ውስጥ ነው።

በፖምፔይ «የፋውን ቤት» ከሚባለው መኖሪያ በ1831 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሞዛይክ ታላቁ እስክንድር ከፋርሱ ንጉሥ ከዳርዮስ ጋር ሲዋጋ ያሳያል። ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ ሥዕል ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሚገመቱ ጥቃቅን ባለቀለም ድንጋዮች የተገጣጠመ ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባ እንግዳ እስክንድር ዘንድ ከመድረሱ በፊት በደፉ ላይ የተነጠፈውን አባይ ከነአዞው፣ ከነጉማሬውና ከነወፎቹ መሻገር ነበረበት። ድል አድራጊው መድረሻ፣ አባይ መተላለፊያ ሆነዋል። እዚያው ከተማ፣ «የሜናንድር ቤት» በሚባለው መኖሪያ የሙቅ መታጠቢያ መግቢያ ላይ ደግሞ ውሃ መያዣ የተሸከመ ጥቁር አገልጋይ ይታያል።

ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ በጣሊያኗ ፓለስትሪና የተገኘው ታላቅ ሞዛይክ አባይን ከላይ እስከ ታች ይተርካል። በላይኛው ክፍል፣ ከግብፅ በስተደቡብ ባለው ድንጋያማ ምድር፣ ጥቁር አዳኞች አራዊት ያሳድዳሉ። ለአራዊቱ ስማቸው በግሪክኛ ተጽፎላቸዋል፤ ለአዳኞቹ ግን አልተጻፈላቸውም። ሥራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቆራርጦ ተጓጉዞ ስለተጠገነ የክፍሎቹን ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

መረገጥ ብቻውን ውርደት ነው ማለት አይቻልም፤ ሮማውያን አማልክታቸውንም በወለል ላይ ሥለዋልና። እስክንድርም ያረፈው እዚያው ነው። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሥዕሉ የተቀመጠበት ስፍራና ያስቀመጠው ሰው ሐሳብ ናቸው።

የሜሮዌው ግኝት ይህን ሐሳብ ገልጦ ያሳያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ የኩሽ ሠራዊት በሮም ሥር የነበሩትን አስዋንንና አካባቢዋን ወግቶ የሮሙን ቄሳር የአውግስጦስን ሐውልቶች ማረከ። በ1910 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ጆን ጋርስታንግ በሜሮዌ ሲቆፍር ከአንድ ቤተ መቅደስ ደፍ ሥር የቄሳሩን የነሐስ ራስ አገኘ። የሕንፃው ግድግዳ የታሰሩ ምርኮኞች ተሥለውበት ነበር። የተቀበረው ራስ ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ጌጥ ሊባል አይችልም። ገቢ ወጪው ሁሉ ግን ቄሳርን ይረግጠዋል።

ዛሬ የነሐሱ ራስ በብሪቲሽ ሙዚየም ከፍ ብሎ ቆሟል። የእስክንድር ሞዛይክም ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ኔፕልስ ሙዚየም ተወስዷል። ሁለቱም ከእግር ወደ ዓይን ሲነሡ የትርጉማቸው ዋና ክፍል ቀርቷል። የሮማን ወለል የሚያጠና ሁሉ የሜሮዌን ደፍ አብሮ ማጥናት አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ በሮም ወለሎች ስሙ ያልተጻፈለት ሕዝብ፣ ወለል ምን ሊናገር እንደሚችል አውቆ በራሱ ደፍ መልስ ሰጥቷል።