ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ

ጆን ኬር፣ አንድሩ ዋይሊና አላስቴር ከሪ እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ካንሰር ያሳተሙት ጽሑፍ «አፖፕቶሲስ» የተባለውን የሕዋስ አሟሟት ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀ ነው። ስያሜው የቅጠል ወይም የአበባ መርገፍን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ያማረ ቢሆንም የጽሑፉን ግማሽ ብቻ ይገልጻል፤ የቅጠሉን መርገፍ ይናገራል እንጂ የረገፈውን ማን እንደሚያነሣው አያመለክትም።

ደራሲዎቹ ግን ሁለቱንም ተመልክተዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ሕዋሱ ተኮማትሮ በሽፋን ወደ ተጠቀለሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ በሁለተኛው ደረጃ ሌሎች ሕዋሳት ቁርጥራጮቹን ውጠው ይፈጯቸዋል። ይህ ምልከታ እስከ ዛሬ ጸንቷል። በቢጫ ወባ በተጎዳ ጉበት ውስጥ የሚታዩት የካውንስልማን አካላትም የዚሁ አሟሟት አሻራ ናቸው።

የጽሑፉ ውሱንነት የሚመነጨው ከዘዴው ነው። ጥናቱ በዋነኛነት በቅርጽ ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ዋጩ ሕዋስ ሟቹን በምን እንደሚለየውና ከዋጠው በኋላ ምን መልእክት እንደሚያስተላልፍ ሊያሳይ አልቻለም። ቫለሪ ፋዶክና ባልደረቦቿ በ1992 ሟች ሕዋስ ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለውን ቅባት ወደ ሽፋኑ ውጫዊ ገጽ እንደሚያወጣና ማክሮፋጅ በዚህ ምልክት እንደሚለየው አሳዩ። በ1998 ደግሞ የዋጠው ማክሮፋጅ ቲጂኤፍ ቤታን በማመንጨት ብግነትን እንደሚያበርድ አረጋገጡ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ በኢንፍሉዌንዛ ተይዘው የሞቱ ሕዋሳትን የዋጡ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ገዳይ ቲ ሊምፎሳይቶችን በቫይረሱ ላይ እንደሚያነሣሡ አመለከተ። እንግዲህ ጸጥታው በሥራ የሚገኝ ነው፤ ወሬም ይዞ ይሄዳል።

ጸጥታው ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ቫክሲኒያ ቫይረስ ሟች ሕዋስ መስሎ በመቅረብ ወደ ሕዋስ እንደሚገባ በ2008 ታውቋል። በጊዜው ያልተነሣ ሟች ሕዋስ ደግሞ ሽፋኑ ተቀዶ ይዘቱ ይፈስሳል፤ ቫይረሱ ቢቀንስም ብግነቱ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ የ1972ቱ ጽሑፍ ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል፤ መነበብ ያለበት ግን እስከ ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ነው። አፖፕቶሲስን የሕዋስ ሞት ብቻ አድርጎ የሚያስተምር መምህር ጽዳቱን ይዘነጋል። ተማሪውም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ የቫይረሱን መቀነስ ከሳንባው ማገገም ጋር አንድ አድርጎ ሊያየው ይችላል።