በእጅ ያለ ወርቅ፤ ስለ አማተር ሠዓሊ ዕለታዊ ሙከራ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሥዕልን መተዳደሪያው ሳያደርግ በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው፣ ማለት በተለምዶ አማተር የምንለው ሠዓሊ፣ በየዕለቱ የሚያደርገውን ሙከራና አሳቡን የሚቀዳበትን ምንጭ መመርመር ነው። ለዚህ ያነሣሣን «አማተር» የሚለው ቃል በመካከላችን የሚነገርበት አኳኋን ነው። አንድ ሥዕል ደከም ብሎ ሲታየን «የአማተር ሥራ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቃሉ ግን ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የደረሰን ሲሆን ትርጓሜው «የሚወድ» ማለት ነው። የሚወደውን ሰው በማቃለያ ስም የምንጠራው ከሆነ፣ ስሕተቱ በሠዓሊው ሳይሆን በእኛ አመለካከት እንዳይሆን መጠርጠር ይገባናል።

የምናቀርበው ክርክር አንድ ብቻ ነው። የአማተር ሠዓሊ ዋጋ የሚለካው ከሁሉ አስቀድሞ በየዕለቱ በሚያደርገው ሙከራ ነው፤ እኛ ግን ተፈጽሞ በግድግዳ የተሰቀለውን ብቻ ስለምንመለከት ይህን ሀብት ሳናየው እያመለጠን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ አንድ የተዛባ አስተሳሰብ እናቅና። ባለሙያው ሠዓሊ ቀድሞ የነበረ፣ አማተሩ ግን እርሱን ለመምሰል ከኋላ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሪነት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳና የብራናን ገጽ ሲያስጌጡ ከኖሩት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሲቀድሱ፣ ሲያስተምሩ ወይም ሲያርሱ የሚውሉ ካህናትና ደብተራዎች ነበሩ። የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም እንኳ ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ቀምመው ወራት እስኪሞላው እንዲብላላ ያደርጉት ነበር። ቀለሙን ራሱ የሚቀምም ሰው መሞከሩ የግድ ነው፤ ቢቀጥን ያጠነክራል፣ ቢጠነክር ያቀጥናል። ስለዚህ ዕለታዊ ሙከራ ከውጭ የተማርነው አዲስ ነገር ሳይሆን የቆየ ልማዳችን መሆኑ ነው።

ዛሬ ያለውን ሁኔታ ለማስረዳት ደግሞ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘውን ገርጂን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ገርጂን የመረጥነው በሥዕል ስለሚታወቅ አይደለም፤ እንዲያውም ስለማይታወቅበት ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም ብሔራዊ ሙዚየሙም የሚገኙት ከዚያ ርቀው ነው። ገርጂ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የደረሰበት ሠፈር ሲሆን፣ በኋላ በመላው ከተማ ለተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ መሞከሪያ የሆነው ግንባታም በ2004 ገደማ የተጀመረው በዚሁ በቦሌ ገርጂ ነበር። ሠፈሩ ራሱ የሙከራ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ባለው ቤት የሚኖር አማተር ለብቻው የሆነ የሥዕል ክፍል አይኖረውም። ጠረጴዛው የእርሱ የሚሆነው ራት ከተነሣ በኋላ ነው። የዘይት ቀለም ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ ለደመወዝተኛና ለተማሪ ውድ ነው። በዙሪያው ግን በያጅ የጣለው የብረት ቁራጭ፣ ልብስ ሰፊ የጠረገው የጨርቅ ቅዳጅ፣ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ያወጣው ሽቦ፣ ከግሮሰሪ ደጃፍ የወደቀ ቆርኪ፣ አበባ የተተከለበት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሞልቷል። ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ቆራሌው ጠዋት እየተጣራ ሰብስቦ ይወስደዋል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለአማተሩ የተነገረ ይመስላል፤ በሩቅ ያለውን ቀለም ሲመኝ በእጁ ያለውን አያየውምና።

የአዲስ አበባ ልጅ ግን አንድ ጊዜ አይቶት ነበር። በዘመን መለወጫ ሰሞን ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ በወረቀት ላይ ሥለው በየቤቱ እየዞሩ ያበረክታሉ፤ ሳንቲምም ይቀበላሉ። በጋራ መኖሪያ ቤት ሲሆን ደግሞ ደረጃውን ፎቅ በፎቅ ይወጡታል። ይህ ልማድ በአነስተኛነቱ ሊናቅ አይገባም። ልጁ ለብዙ ቤቶች የሚበቃ ሥዕል ማዘጋጀት ስላለበት አንዱን አበባ ደጋግሞ ይሥላል። ቢጫው ሲያልቅበት በብርቱካንማ ይተካል፤ መልአኩ አፍንጫው ሲረዝምበት በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ያሳጥረዋል፤ አሥረኛው ከመጀመሪያው መሻሉንም ማንም ሳይነግረው ያየዋል። የሙከራ ትምህርት ቤት ማለት ይኸው ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በእጅ በተሣለው ፈንታ በማተሚያ የተባዛ ሥዕል ይዞ የሚዞር ልጅ በርክቷል። የታተመው ሥዕል ከልጁ ሥዕል የጠራ ሊሆን ይችላል። የጠፋው ውበቱ አይደለም፤ የጠፉት በመካከል የነበሩት ዘጠኙ ሥዕሎች ናቸው።

ከልጅነት ሙከራ ተነሥቶ እስከ ታላቅ ሥራ መድረስ እንደሚቻል ለማሳየት ሁለት ሠዓሊዎችን እንጥቀስ። የመጀመሪያው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። እኚህ ሰው በ1932 በሐረር የተወለዱ ሲሆን፣ አባታቸው አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ቀድሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ገብተው የእርሻ ሳይንስ ማጥናት ጀምረው ነበር። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ይሥሉ ስለነበረ፣ በዚያን ጊዜ በቃሉ ሙሉ ትርጉም አማተር ነበሩ ማለት ነው። በኋላ ያን ትምህርት ትተው ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕልን ተማሩ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1981 በስደት በአሜሪካ አገር አረፉ።

ከጀርመን ሲመለሱ ያሳዩት ረቂቅ ሥዕል የባዕድ አሠራር ነው ተብሎ ተነቅፎ ነበር። ይህ ነቀፌታ አሠራሩን ከምንጩ ጋር ያደባለቀ ይመስለናል። አሠራሩ በኮሎኝ የተገኘ ቢሆንም ምንጩ የአዲስ አበባ ጎዳና ነው። የቆርቆሮ ጣሪያዎች ተደራርበው የሚታዩባቸውን ሥዕሎቻቸውን ለተመለከተ፣ የዛገውና አዲሱ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚያወጡት ቀለም ማንም መንገደኛ በየዕለቱ የሚያየው ነው። በ1963 በሠሩት «ጎልጎታ»ም ላይ ቀዩ ቀለም የተሰቀለውን ሥጋ መልክ ሊያጠፋው እስኪደርስ ሲያጥለቀልቅ፣ ተመልካቹ ባዕድ ነገር ሳይሆን በየዓመቱ በስቅለት ቀን የሚሰግድለትን ሕማም ያገኛል። ባለሙያ ከሆኑ በኋላም የአማተሩ ዓይን አልተዋቸውም።

ሁለተኛው ኤልያስ ስሜ ናቸው። በ1968 በአዲስ አበባ ተወልደው በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀዋል። ከትምህርቱ አስቀድሞ ግን ገና በልጅነታቸው መርፌና ክር ይዘው መስፋት የተማሩት በራሳቸው ነበር። በኋላም በሸራ ላይ በክር እየሰፉ፣ አዝራርና ቆርኪ እየደረደሩ ሠርተዋል፤ ቀጥሎም ከመርካቶ የሚገዙትን የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ሰሌዳና የፊደል መምቻ ቁልፍ እየጎነጎኑና እየገጣጠሙ ሰፋፊ ሥራዎችን አቅርበዋል። ከገርጂ ደጃፍ ቆራሌው የሚወስደው ዓይነት ዕቃ መጨረሻው እንዲህ ያለ ሥራ ሊሆን መቻሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው ያቋቋሙት፣ በ2019 በመካኒሳ የተከፈተው የዞማ ሙዚየምም የተሠራው በአገራችን የጭቃ ቤት አሠራር ነው።

ሥራዎቻቸው ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላሉ፤ ቀርቦ ለመረመራቸው ግን እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ጊዜ የሰው ድምፅ ያለፈበት መሆኑ ይታሰበዋል። ሆኖም ከማመስገን ጋር አንድ አስተያየት መጨመር ይገባናል። ሰፊዎቹ ሥራዎች አንዳንድ ጊዜ በስፋታቸው ብዛት ዓይንን ያስደንቁና የአንዲቱን ቁራጭ ታሪክ ይውጡታል። በመርፌና በክር የተሠሩት የቀድሞዎቹ ሥራዎች እጅ ያመነታበትን፣ ፈትቶ እንደገና የሰፋበትን ቦታ ስለሚያሳዩ፣ ለሙከራ ተማሪ የበለጠ ያስተምራሉ እንላለን።

ከውጭው ዓለምም አንድ ምሳሌ ብንጨምር አሳባችን ይጠናከራል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሩሶ በፓሪስ ኬላ ቀረጥ ተቀባይ ሆኖ ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ ሥራውን ትቶ ሥዕልን ብቻ የያዘው በ1893 አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነው። ጥቅጥቅ ባለ የሞቃት አገር ደን ሥዕሎቹ የታወቀ ቢሆንም ከፈረንሳይ ወጥቶ አያውቅም። ደኑን የቀዳው ከፓሪስ የዕፀዋት መናፈሻና ሥዕል ካለባቸው መጻሕፍት ነው። እንግዲህ ምንጭ በቅርብ መሆኑ የሥዕሉን ዓለም አያጠበውም ማለት ነው።

«ታዲያ የተሞከረ ሁሉ ሥነ ጥበብ ነውን?» ብሎ የሚጠይቀን አንባቢ ይኖራል። አይደለም። የአማተሩ ጠላት ሁለት ነው። አንደኛው የዘመድ ምስጋና ነው፤ «እሰይ፣ እጅህን ይባርከው» የተባለ ሰው በዚያው ረክቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው ከስልክ መስተዋት ላይ የሌላውን ሥዕል እየቀዱ መኖር ነው። መቅዳት እጅን ያለማምዳል፤ ዓይንን ግን ያሰንፋል። ስለዚህ የአማተርን ሥራ ስንመዝን ሦስት ጥያቄ እንድናነሣ አሳብ እናቀርባለን። ሠዓሊው አንዱን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ በየጊዜው ምን ለውጧል? ያነሣው ነገር ራሱ አይቶት የኖረው ነውን? በእጁ የገባውን ዕቃ ሌላ ነገር አስመስሎ ደብቆታል ወይስ ባሕርዩን አውጥቶ አሳይቷል? የመጀመሪያው ጥያቄ ትጋቱን፣ ሁለተኛው እውነተኛነቱን፣ ሦስተኛው ማስተዋሉን ያሳያሉ። ሥዕሉ ያማረ መሆን አለመሆኑ ከዚህ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል።

በመጨረሻም ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። በየትምህርት ቤቱ የሚደረገው የሥዕል ትርኢት የተፈጸሙ ሥራዎች ብቻ የሚቀርቡበት ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሙከራ ብቻ የሚታይበት፣ ማለት የተሰረዘው፣ የተቀደደውና እንደገና የተጀመረው በተሠራበት ቅደም ተከተል የሚሰቀልበት ትርኢት ቢዘጋጅ፣ ሕክምናም ሆነ ሕግ የሚያጠና ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ የሣለውን ይዞ ለመምጣት አያፍርም ነበር። በገርጂም ሆነ በሌላው ሠፈር የምንኖር ሰዎች በመጪው እንቁጣጣሽ በራችንን ለሚያንኳኳ ልጅ ሳንቲም ስንሰጥ፣ ሥዕሉን የሣለው ራሱ እንደሆነ ብንጠይቀውና ከዓምናው ምን እንደለወጠ ብናናግረው፣ ሂስ የሚባለው ሥራ ከዚያው ከደጃፋችን ይጀምራል።