ስጦታ ወይስ የሴት ልጅን ድርሻ ማስቀሪያ?

በእንግሊዝ አገር ባለጸጋ ሰው ሳይሞት ሀብቱን ለልጆቹ መስጠት ያዘወትራል። የውርስ ግብሩ 40 በመቶ ስለሆነና ከሰጠ በኋላ 7 ዓመት ከኖረ ስጦታው ከግብሩ ነጻ ስለሚወጣ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ የውርስ ግብር የለም። ታዲያ እዚህ ሶዶ አንዳንዱ አባት ቤቱንና ሱቁን በቁሙ ለወንድ ልጁ ብቻ በስጦታ የሚያጽፈው ከምን ለማምለጥ ነው? ከሴት ልጁ ድርሻ ነው።

«እሷ አግብታ ሄዳለች፤ መሬቱም ጠባብ ነው» ይባላል። በወላይታ መሬት መጥበቡ እውነት ነው። ጥበቱ ግን ሐቅን አይሰርዝም። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 11 ለወንዱ የሁለት ሴቶች ድርሻ ሲመደብ ለሴቷም ተመድቧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ልጆችን በእኩል ያወርሳል። ይህ አባት ከሁለቱም ሸሽቷል።

በሺር (ረ.ዐ) ለልጁ ለኑዕማን ስጦታ ሰጥቶ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለምስክርነት ሲጠይቅ፣ ለሌሎቹ ልጆችህም እንዲሁ ሰጥተሃልን ብለው ጠየቁት። አለመስጠቱን ሲነግራቸው አልመሰከሩለትም። ከዚህ በመነሳት ኢማሙ አሕመድ በልጆች መካከል ማስተካከል ግዴታ ነው ብለዋል፤ ኢማሙ ሻፊዒይ የተወደደ ነው ብለዋል። «ግዴታ አይደለም» የሚለውን መዝዞ እህትን ባዶ እጇን ማስቀረት ግን ኢማሙን ከለላ ማድረግ ነው።

ወገኖቼ! በእነዚህ ውሎች ላይ ምስክር ሆነን የምንፈርመው እኛው ሽማግሌዎችና ኡስታዞች ነን። ብዕር ከማንሳታችን በፊት ያንኑ የነብዩን ጥያቄ አባትየውን እንጠይቀው። ወላሁ አዕለም።